ቨርሊን ስካነር የገጠመ ዕለት

ቨርሊን፦ የፒክአፑ ጣሪያ ይበሳል። አለቀ።

ኦሪን፦ ማግኔት አለው እኮ። ወረቀቱ «አንቴናውን ጣሪያው ላይ ያስቀምጡ» ነው የሚለው። ይብሱት አይልም።

ቨርሊን፦ ወረቀቱ የተጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው።

ኦሪን፦ እሱማ ለእኔ ነው የተጻፈው። ላንብብልህ?

ቨርሊን፦ አታንብብልኝ። ትራፓኖውን አቀብለኝ።

ኦሪን፦ አምና የበር ደወል ስትገጥም የበሳኸው የውሃ ቧንቧውን ነበር።

ቨርሊን፦ ቧንቧው ነዋ ያለቦታው የተገኘው።

[ነገሩ የሆነው ዊሎው ፎርድ ውስጥ ነው፤ ነብራስካ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት ባለፈበት የሐምሌ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። ቨርሊን የእህል ጎተራው መዛኝ ነው፤ ሚዛኑ የማያውቀውንም እሱ ያውቃል። ኦሪን የሚስቱ ወንድም ነው። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይነዳል፣ ሲናገርም እንደ አውቶቡሱ በየፌርማታው ይቆማል። ሁለቱም የከተማችን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጓድ አባላት ናቸው። ጓዱ አሥራ አምስት ሰው አለው፤ የዚያን ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከፓንኬክ ግብዣው በኋላ፣ አለቃ ሊመርጥ ነበር። ቨርሊን ለአለቅነት ሲወዳደር ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሁለቴ ተሸንፏል፣ ሁለቴም ሚስቱ ማርደል ለሳምንት ያህል ቤቷ ውስጥ ኮሽታ ሳታሰማ ነው የተንቀሳቀሰችው። ሦስተኛውን እንደማይችለው ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔ አርዲት እባላለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊታቸው ነው የምኖረው። የቨርሊን ድምፅ ያለ ራዲዮም መንገድ ይሻገራል።]

ቨርሊን፦ [ትራፓኖውን እያስቀመጠ] ይኸው። እንዴት ያለ ንጹሕ ቀዳዳ ነው። አሁን አንቴናውን አምጣ።

ኦሪን፦ እንካ።

ቨርሊን፦ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ኦሪን፦ የሚገባ የለውም። ሥሩ ማግኔት ነው።

ቨርሊን፦ [አንቴናውን አገላብጦ አይቶ] እሺ። ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው።

ኦሪን፦ ቀዳዳው ታዲያ ለምንድን ነው?

ቨርሊን፦ ለአየር። እንዲህ ያለ ዕቃ ካልተነፈሰ ይግላል።

ኦሪን፦ ዝናብ ሲመጣስ?

ቨርሊን፦ ማግኔቱ ይከድነዋላ። ለዚያ አይደል ማግኔት ያደረጉለት?

[ቀጥሎ መብራቱን ከየት እናምጣ በሚለው ተጨቃጨቁ። ወረቀቱ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካ ይላል። ቨርሊን እሱ የሰነፍ አሠራር ነው ብሎ ከክሩስኮቱ ሥር አንድ ሽቦ መዞ፣ ልጦ አገናኘው። ወዲያው የዝናብ መጥረጊያዎቹ ደረቁን መስታወት ይጠርጉ ጀመር።]

ኦሪን፦ ቨርሊን፣ መጥረጊያው።

ቨርሊን፦ አይቼዋለሁ። እንዲህ ነው የሚፈለገው። ስካነሩ መብራት ሲያልቅበት መጥረጊያው ይቆማል፣ አንተም ታውቃለህ ማለት ነው።

ኦሪን፦ ስካነሩ ሲጠፋ አይታወቅም እንዴ?

ቨርሊን፦ ኦሪን፣ አንተ አንድ ነገር ሲገጠም አይተህ ታውቃለህ?

ኦሪን፦ የበር ደወሉን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናህ ውስጥ የጓዱ ራዲዮ አለ። ኖርማ ከጣቢያ ስትጠራን በእሱ እንሰማለን፣ ማይኩን ተጭነን በእሱ እንመልሳለን። ይኼኛው ለምን አስፈለገ?

ቨርሊን፦ ያ የሚሰማው የጓዱን ብቻ ነው። ስካነር ግን ሁሉንም እየዞረ ያዳምጣል፤ ፖሊሱን፣ አምቡላንሱን፣ ባቡሩን፣ የጎረቤት ከተማውን እሳት አደጋ። ወሬ ያለበትን ይፈልግና እዚያ ይቆማል።

ኦሪን፦ እንደ አርዲት ማለት ነው።

ቨርሊን፦ ልክ እንደ አርዲት። ይኼኛው ግን ማጥፊያ አለው።

[ሰምቻለሁ።]

ኦሪን፦ እዚህ ከተማ ስካነር የሌለው ኩሽና የለም እኮ። ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያዳምጣል።

ቨርሊን፦ ኩሽና ውስጥ ነዋ። መኪናው ውስጥ ማን አለው? ማንም። አውራጃው ውስጥ ክብሪት ሲጫር፣ አለቃችን ሊላንድ ጫማውን ሳያገኝ እኔ ደርሻለሁ። አለቃ ማለት ቀድሞ የሚሰማ ነው።

ኦሪን፦ እኔ ደግሞ ቀድሞ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ቨርሊን፦ ለዚያ ነው አለቃ ያልሆንከው። አሁን ስካነሩን እዚህ እንሰር። ብሎኖቹን ስጠኝ።

ኦሪን፦ ካርቶኑ ውስጥ ነበሩ። ካርቶኑን ቅድም ቆሻሻ መኪናው ላይ ጣልከው።

ቨርሊን፦ ችግር የለም። የራዲዮው ማይክ የሚሰቀልበት መስቀያ ሁለት ብሎን አለው። እሱን እነቅለዋለሁ።

ኦሪን፦ ማይኩስ የት ይሰቀላል?

ቨርሊን፦ ምን መሰቀል ያስፈልገዋል? ወንበሩ ላይ ጣለው።

[ኦሪን ጣለው። ቨርሊን ስካነሩን አስሮ ጨረሰና ላቡን እየጠረገ ከመሪው ፊት ገብቶ ቁጭ አለ። ማይኩ ላይ። ቨርሊን ደግሞ ትንሽ ሰው አይደለም። የማይኩ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተጫነ፣ የጓዱ ራዲዮ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናው ውስጥ የሚባለው ሁሉ አውራጃው ውስጥ ባለው ራዲዮና ስካነር ሁሉ ይሰማ ጀመር። እኔ ለግብዣው ሁለተኛውን ዙር የፓንኬክ ሊጥ እየመታሁ ነበር። ማቀዝቀዣዬ ላይ ያለው ስካነር ድንገት በቨርሊን ድምፅ ተናገረ። ሄጄ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ከደጄ እስከ መኪናው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አልሄድኩም።]

ቨርሊን፦ አሁን ተመልከት።

[ስካነሩን አበራው። ትንንሾቹ መብራቶች ከአንድ እስከ አሥር ሊሮጡ ተነሡና አራት ቁጥር ላይ ቆሙ። ስካነሩ ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት አወጣ።]

ኦሪን፦ ይኼ ፖሊሱ ነው አምቡላንሱ?

ቨርሊን፦ ይኼ ብልሽት ነው። [ድምፁን ቀነሰው፣ ፉጨቱ ጠፋ። ከፍ አደረገው፣ ተመለሰ።] ጥርስህ ውስጥ ብረት አለ?

ኦሪን፦ ሁለት።

ቨርሊን፦ አፍህን ግጠም።

ኦሪን፦ እምም።

ቨርሊን፦ አሁንም ያፏጫል። ስለዚህ ጥርስህ አይደለም። ሰዓትህን አውልቅ። አሁንም አለ። ሰዓትህም አይደለም። ቆይ እስቲ፣ አራት ቁጥር ላይ ማንን ነው ያስገባነው?

ኦሪን፦ የእኛን ጓድ።

ቨርሊን፦ ገባኝ። ብልሽት አይደለም። አንድ ጅል ማይኩን ተጭኖ ረስቶታል።

ኦሪን፦ ማን?

ቨርሊን፦ ከአሥራ አምስታችን አንዱ ነዋ። የሆነ ቦታ የሆነ ደደብ ማይኩ ላይ ዕቃ ጭኖበታል፣ መስመሩን በሙሉ ዘግቶታል። አሁን ቤት ቢቃጠል ኖርማ በራዲዮ ማንንም መጥራት አትችልም። ይኼ ቀልድ አይደለም፣ ኦሪን።

ኦሪን፦ እውነትህን ነው። ስልክና ሳይረን ባይኖራት ጉድ ነበር።

ቨርሊን፦ ሰባት ሰዓት ላይ ስመረጥ የመጀመሪያ ትእዛዜ ምን እንደሚሆን ልንገርህ? ይኼን ያደረገ ሰው ዓመት ሙሉ ቱቦ አይነካም። መኪና ያጥባል፣ በቃ። ማንም ይሁን ማን። የሥጋ ዘመዴም ቢሆን።

ኦሪን፦ ከባድ ቅጣት ነው።

ቨርሊን፦ ሲያንሰው ነው። ማን እንደሆነ እንወቅ ብቻ። ያቺን የጆሮ ማዳመጫ ሰካና ስማ። በእሷ አያፏጭም።

[ኦሪን ማዳመጫዋን ጆሮው ውስጥ ከተተ።]

ቨርሊን፦ ይሰማል?

ኦሪን፦ ይሰማል። ሰውዬ ነው።

ቨርሊን፦ ምን ይላል?

ኦሪን፦ «ምን ይላል» ይላል።

ቨርሊን፦ ማንን ነው የሚጠይቀው?

ኦሪን፦ «ማንን ነው የሚጠይቀው» ይላል።

ቨርሊን፦ ጠያቂ ሰው ነው። አብሮት ሌላ ሰው አለ ማለት ነው?

ኦሪን፦ አለ። ቀስ እያለ ይመልስለታል።

ቨርሊን፦ ሁለት ናቸዋ። አንዱ ጅል፣ አንዱ የጅል ጓደኛ። የጅሉ ድምፅ የማንን ይመስላል?

ኦሪን፦ ያንተን።

ቨርሊን፦ የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው።

ኦሪን፦ የዚህኛው ቀጭን ነው። በአፍንጫው ነው የሚያወራው።

ቨርሊን፦ ሊላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ጉንፋን ከያዘው ወዲህ በአፍንጫው ነው የሚያወራው። አየህ? ስምንት ዓመት አለቃ ሆኖብን ኖሮ፣ ዛሬ እኔ የምጥለው ሰውዬ፣ በምርጫው ዕለት ማይኩ ላይ ቁጭ አለ። እግዚአብሔር አለ፣ ኦሪን።

ኦሪን፦ «እግዚአብሔር አለ» ይላል።

ቨርሊን፦ ጭንቅ ይዞታላ። ይጸልይ።

[በመጋረጃዬ ክፍተት ሳየው ኦሪን ኮፍያውን አወለቀ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሲናገር እንደ ወትሮው በየፌርማታው አልቆመም።]

ኦሪን፦ ሊላንድ ይጸልይ፣ እኛ ድምፅ እንቁጠር። አሥራ አምስት ነን። ስንቱ ያንተ ነው? ጮክ በልልኝ፣ ይቺ ነገር ጆሮዬን ደፍናዋለች።

ቨርሊን፦ [ጮክ ብሎ] ስምንት ይበቃኛል። እኔ አንድ፣ አንተ ሁለት። ስድስቱን ደግሞ በመሪው ይዣቸዋለሁ።

ኦሪን፦ በየትኛው መሪ?

ቨርሊን፦ በአዲሱ እሳት አደጋ መኪና መሪ። መስከረም ላይ ሲመጣ አንተ ነህ የምትነዳው ብዬ።

ኦሪን፦ ለማን ነው ያልከው?

ቨርሊን፦ ለፀጉር አስተካካዩ።

ኦሪን፦ ሌላስ?

ቨርሊን፦ ለጋራዡ ባለቤት። ለዳቦ ጋጋሪው። ለሁለቱ የወተት ከብት አርቢ ወንድማማቾች፣ ለየብቻ ጠርቼ። ለፓስተሩም።

ኦሪን፦ ለፓስተሩም?

ቨርሊን፦ እሱማ ከሁሉም ብሶ ነው። ሳይረኑን የሚነካው ሾፌሩ ነው ወይስ አጠገቡ ያለው ብሎ ሦስቴ ጠይቆኛል።

ኦሪን፦ መኪናው አንድ መሪ ነው ያለው፣ ቨርሊን።

ቨርሊን፦ እሱን ከምርጫው በኋላ ይደርሱበታል።

[ስልኬ ጮኸ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናት። እየሰማሽ ነው ወይ አለችኝ፣ እየሰማሁ ነው አልኳት። ባሏ እሳት አደጋ ጣቢያው ሄዷል፤ እዚያም ራዲዮው ግድግዳው ላይ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ያዳምጣል አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ሳንዘጋ፣ ሳንነጋገርም፣ አብረን አዳመጥን።]

ኦሪን፦ የቀሩት ሰባትስ ለምን አይመርጡህም?

ቨርሊን፦ ስለማይገባቸው ነው። እኔ ለዚህ ከተማ ያልከፈልኩት መሥዋዕትነት አለ? ሃያ ዓመት ሙሉ ያን የሴቶቹን ፓንኬክ እየሳቅኩ በልቻለሁ። ጎማህ ቢፈነዳና አንዱን ብትለጥፍበት ኦማሃ ድረስ ያደርስሃል።

ኦሪን፦ ሊጡን የምትመታው አርዲት ናት።

ቨርሊን፦ አውቃለሁ። ባሏ በጊዜ ያረፈው ለምን ይመስልሃል?

[መምቻዬን አስቀመጥኩ። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ባሌ ያን ፓንኬክ ይወደው ነበር። ስካነሩን ግን አላጠፋሁትም፤ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።]

ኦሪን፦ እንዲህ አይባልም፣ ቨርሊን። ደግ ሴት ናት። እናታችን የታመመች ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው ሾርባ ያመጣችልን እሷ ናት።

ቨርሊን፦ ሾርባው ሌላ ነው። እኔ ስለ ፓንኬኩ ነው የማወራው።

ኦሪን፦ ደግሞ ለእኔም ነግረኸኝ ነበር እኮ።

ቨርሊን፦ ምኑን?

ኦሪን፦ መሪውን። ታኅሣሥ ላይ ጣሪያህ ላይ ወጥቼ በረዶ ስጠርግልህ። «አንተ ነህ የምትነዳው» አልከኝ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ከነበረዶው ወደቅኩ።

ቨርሊን፦ አንተ ቤተሰብ ነህ። ለቤተሰብ የተባለ ነገር ቃል አይባልም።

ኦሪን፦ እኔ ቃል መስሎኝ ነበር። የመኪናዋን ሥዕል ከጋዜጣ ቆርጬ አውቶቡሴ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ጭኜ ስነዳ አንድም ሕፃን ግንባሩ አልተጫረም። ያቺን መኪና ከልቤ ነበር የፈለግኳት። ከፋኝ፣ ቨርሊን።

ቨርሊን፦ አንተ ቀስ ትላለህ። እሳት እስክትደርስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም።

ኦሪን፦ ሚያዝያ ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው የከብት በረት ሲቃጠል ማን ነበር ቀድሞ የደረሰው?

ቨርሊን፦ አንተ። በዕድል።

ኦሪን፦ በዕድል አይደለም። የወንዙ ድልድይ ውሃ የሞላ መኪና አይችልም። ሊላንድ በዚያ ሄዶ ተመለሰ፣ እኔ በጠጠሩ መንገድ ዞርኩ። አውቶቡስ ስትነዳ የትኛው ድልድይ ስንት እንደሚሸከም ታውቃለህ። የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዳለ፣ የትኛው ውሻ ሰው እንደማያስገባም ታውቃለህ።

ቨርሊን፦ ይኼን ሁሉ ለእኔ የምትነግረኝ ለምንድን ነው?

ኦሪን፦ እንዲያው ስናወራ ነው። አንተስ አለቃ ስትሆን ከትእዛዙ ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ?

ቨርሊን፦ ባርኔጣ አሠራለሁ። ነጭ፣ ከፊቱ ወርቅማ ምልክት ያለው።

ኦሪን፦ እኔ ብሆን የሰሜን ሠፈሩን የእሳት ማጥፊያ ውሃ መክፈቻዎች አስጠግን ነበር። ሦስቱ ዝገዋል። በመፍቻ ሞክሬያቸው አንዞርም አሉኝ። እዚያ አርባ ቤት አለ።

ቨርሊን፦ የዛገ መክፈቻ ማን ያያል? ሰው የሚያየው ባርኔጣ ነው።

[የዳቦ ጋጋሪው ሚስት በስልኩ ውስጥ ቀስ ብላ፣ የእኛ ሠፈር እኮ ነው፣ አለች። ወዲያው ሳይረኑ ጮኸ። ዊሎው ፎርድ ውስጥ ሳይረን በየቀኑ የሚጮኸው ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ደረሰ ለማለት ነው። ያን ጊዜ ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ከሰዓቱ ውጭ ሲጮህ ደግሞ እሳት አለ ማለት ነው።]

ቨርሊን፦ እሳት ነው። አየህ? ኖርማ በራዲዮ መጥራት ቢያቅታት ነው ሳይረኑን የነካችው። ሁሉም በዚያ ጅል የተነሣ። ቀበቶህን እሰር።

ኦሪን፦ ቨርሊን፣ ከመሄዳችን በፊት አንዴ ብድግ በልና ወንበርህን —

ቨርሊን፦ እሳት እየነደደ ወንበር ልይልህ?

[ሞተሩን አስነሥቶ፣ መጥረጊያዎቹ በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን እየጠረጉ፣ ተፈተለከ። እኔም ሽርጤን ሳልፈታ በጓሮ በኩል ወጣሁ። እሳት አደጋ ጣቢያው በእግር ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ በመኪና ግን ባቡር ሐዲዱን ማቋረጥ ግድ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የእህል ባቡር ያልፋል። ስደርስ ሃምሳ ያህል ሰው ጣቢያው ውስጥ ቆሟል። ጭስ የለም። የእሳት አደጋ መኪናው መውጫ በር አልተከፈተም። አለቃው ሊላንድ የምርጫውን ሳጥን ከምግቡ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ እርሳስ ያድላል። ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የባቡሩ ጉርጉርታ ይሰማል፣ ከጉርጉርታው በላይ ቨርሊን።]

ቨርሊን፦ ስንት ፉርጎ ነው የጎተተው ይኼ?

ኦሪን፦ ብዙውን ጊዜ መቶ አሥር ነው።

ቨርሊን፦ በዚህ መሃል ንግግሬን ልለማመደው። «ወንድሞቼ ሆይ፣ እኔ እንደምታውቁት ስለ ራሴ ማውራት የማልወድ ሰው ነኝ።»

ኦሪን፦ ጥሩ አጀማመር ነው።

ቨርሊን፦ «ለእያንዳንዳችሁ የገባሁትን ቃል አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።» እዚህ ላይ ፓስተሩን አያለሁ፣ ፈገግ እላለሁ።

ኦሪን፦ ፓስተሩም ፈገግ ይላል?

ቨርሊን፦ ስለ ሳይረኑ እያሰበ ነዋ።

[ፓስተሩ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ፈገግ አላለም። ባቡሩ አልፎ፣ ወረቀቱ ተቆጥሮ፣ ሁላችንም ደጅ እንደወጣን ፒክአፑ ጠጠሩን እየበተነ መጥቶ ቆመ። ቨርሊን አንገቱን በመስኮት አወጣ።]

ቨርሊን፦ እሳቱ የት ነው?

[ከጀርባችን፣ ከባዶው ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ በአፍንጫው «እሳቱ የት ነው» አለ።]

ቨርሊን፦ ማነው እሱ?

[«ማነው እሱ» አለ ድምፁ። ቨርሊን ወደ ጣቢያው በር አየ፣ እኛን አየ። ማንም አልሳቀም፤ ቢሳቅ ይሻለው ነበር።]

ሊላንድ፦ ቨርሊን፣ እስቲ ከመቀመጫህ ተነሣ።

[ተነሣ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ቨርሊን እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ማይኩን አወጣውና የሰው ዕቃ እንደያዘ ሆኖ ቆመ።]

ቨርሊን፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሊላንድ፦ ከኦሪን ጥርስ ጀምሮ።

ቨርሊን፦ ስለ ፓንኬኩ የተባለውስ?

ሊላንድ፦ አርዲት ከኋላ ቆማለች።

[እጄን አነሣሁ።]

ቨርሊን፦ እሳቱስ?

ሊላንድ፦ እሳት የለም። ኖርማን ሳይረኑን አስጩኺው ያልኳት እኔ ነኝ። ፈልጎ ከማምጣት በገዛ እግርህ ትመጣለህ ብዬ። ቀደም ብለን ልንጠራህ እንችል ነበር፤ ግን ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ጠፋ።

ቨርሊን፦ እሺ። ምርጫው ሰባት ሰዓት ነው። እስከዚያ ላስረዳችሁ እችላለሁ።

ሊላንድ፦ ምርጫው አልቋል። ባቡሩ ረጅም ነበር።

ቨርሊን፦ ስንት ለስንት?

ሊላንድ፦ ላንተ አንድ። ትናንት ራስህ መጥተህ ሳጥኑ ውስጥ የከተትከው።

ቨርሊን፦ የቀረው ላንተ ነው ማለት ነው።

ሊላንድ፦ እኔም የሰጠሁት ለኦሪን ነው። አሥራ ሦስት ለኦሪን።

[ኦሪን ከመኪናው ወርዷል። ማዳመጫዋ አሁንም ጆሮው ላይ ናት፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ጨበጠው፣ ወንድማማቾቹ ጨበጡት። ፓስተሩ መኪናውን ማን ሊነዳ ነው ብሎ ሊጠይቅ ሲል ተወው። ቨርሊን ሰው እስኪያልቅ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጠጋው። በሕይወቴ ቨርሊን ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ አሳዘነኝ።]

ቨርሊን፦ ያ ነገር ጆሮህ ውስጥ ሆኖ እኛ መሆናችን አልገባህም?

ኦሪን፦ ገብቶኛል።

ቨርሊን፦ መቼ?

ኦሪን፦ «እግዚአብሔር አለ» ስትል።

ቨርሊን፦ ታዲያ ምን ነበረበት ያኔውኑ ተነሥ ብትለኝ?

ኦሪን፦ ልልህ ነበር። ግን ቨርሊን፣ ሠላሳ ዓመት እሑድ እሑድ እናንተ ቤት ምሳ በልቼ፣ ስናገር አንድ ቀን ያዳመጠኝ ሰው የለም። ዛሬ አውራጃው በሙሉ ሥራውን ትቶ እየሰማኝ ነው። በምን አንጀቴ ላስነሣህ?